ሐርቡ ወራጅ አለ!

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚጓዝ አውቶብስ ውስጥ የፊልም ምርጫ የረዳቱ ሥልጣን ነው። ጠዋት፣ ተሳፋሪው ከየትኛው እምነት እንደሚበዛ እስኪለይ ድረስ፣ ማንንም የማያስቀይም በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይለቀቃል። ጣርማበር ታልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ አንደኛው ፊልም ይከፈታል፤ እሱን ግማሹ ሰው ተኝቶ፣ ግማሹ ፌስታል አፉ ላይ ይዞ ያሳልፈዋል። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ነቅቶ፣ ብርቱካን ተልጦ፣ አጣዬ ሲታለፍ ይጀመራል።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ድሃ ነው፣ ግን መልከ መልካም። ልጅቷ የሀብታም ልጅ ናት፣ ግን ቅን። ልጁ የሰው ቪላና የሰው መኪና ተውሶ ከአሜሪካ የመጣ መስሎ ይቀርባታል። አንድ ወፍራም ጓደኛ አለው፣ ሥራው መውደቅ ነው። ካራቆሬ ላይ ይተዋወቃሉ። ከሚሴ ላይ ይፋቀራሉ። ከከሚሴ ወጥቶ የቦርከና ሜዳ ሲዘረጋ ሽማግሌ ይላካል። ይሄኔ የቪላው እውነተኛ ባለቤት ሳያስታውቅ ከውጭ አገር ይመጣና በሩን ያንኳኳል። ልጁ ሶፋው ላይ ከልጅቷ አባት ጋር ቡና እየጠጣ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን አውጥቶ ሲከፍት ረዳቱ ደግሞ የአውቶብሱን በር በመዳፉ ይደበድባል፦ “ሐርቡ ወራጅ አለ!”

ወራጁ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ እንደተከለ የኋሊት ይወርዳል። አውቶብሱ የልጁን ዕጣ ፈንታ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይነጉዳል።

ከዚህ የተነሣ በሐርቡና በኮምቦልቻ መካከል ጂኦግራፊ የማያስረዳው የአስተሳሰብ ልዩነት ተፈጥሯል። ለሐርቡ ሰው የአማርኛ ፊልም ሁሉ መከራ ነው፦ ውሸታሙ የሚያዝበት፣ ፍቅሩ የሚፈርስበት፣ ሽማግሌ የሚዋረድበት። ለኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ያው ፊልም ሠርግ ነው። ሁለቱ ለቅሶ ቤት ወይም ገበያ ላይ ሲገናኙ አንድ ፊልም አይተናል ብለው ይጀምሩና ሁለት ፊልም ይዘው ይለያያሉ።

“ያን ቀጣፊ ልጅ ነው ጥሩ ሰው የምትለው?” ይላል የሐርቡው።

“ታዲያ ይቅርታ ጠየቀ፣ አባትየውም መረቁት፤ ምን ቀረው?”

“የት መረቁት? እኔ እስከወረድኩ ድረስ ማንም አልመረቀውም!”

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሐርቡ ላይ የሚወርድ እንዳለ ሁሉ የሚሳፈርም አለ። ወራጁ በለቀቀው ወንበር ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚሻገር ነጋዴ ይቀመጥና የፊልሙን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት በነጻ ያያል። እሱ የሚያውቀው አንድ ያለቀሰ ወጣት፣ አንድ ይቅር ያለች ልጅ፣ አንድ ኬክና ብዙ ጭፈራ ነው። ማን ማንን እንደበደለ አያውቅም፤ አይጠይቅምም። ማታ ሐርቡ ተመልሶ ሻይ ቤት ሲገባ የፊልሙን ራስ የያዘና የፊልሙን ጅራት የያዘ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ሁለቱን ገጣጥሞ አንድ ፊልም የሚያደርግ ሽማግሌ ቢኖር ደህና ነበር፤ ግን ማንኛቸውም ክፍተት እንዳለባቸው አያምኑም። ባለ ራሱ መጨረሻውን ከራሱ ይጨምራል፤ ባለ ጅራቱ መጀመሪያውን ከራሱ ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር የሚጨምሩት ነገር ብዙ ጊዜ ደራሲው ከጻፈው ይሻላል።

ፊልሙን ከነነፍሱ ደሴ መናኸሪያ ድረስ ይዞ የሄደው ሰውስ? እሱን “እንዴት ነው?” ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ “አሪፍ ነው፤ ትንሽ ያንዛዛል።” ሌላ ቃል የለውም። ጨርሶ ያየ ሰው ወሬ የለውም። የሚናገረው ያላየው ነው።

ይህን የሐርቡ አመል ብቻ ያደረግሁ እንዳይመስል የአገሩን ታሪክ ላስታውስ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ “የሰይጣን ቤት” አለው። ሙት የሚራመድበት፣ ባቡር ከግድግዳ የሚወጣበት ቤት ሌላ ምን ይባላል? እንግዲህ አስቡት፤ በአገራችን የመጀመሪያው የፊልም ሂስ ይህ ነው፣ የሰጡትም ደጅ ቆመው ያማተቡና ወደ ውስጥ ዘልቀው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ገብተው ያዩት መኳንንት ምን እንዳሉ ማንም አያስታውስም። “አሪፍ ነው፤ ትንሽ ያንዛዛል” ሳይሉ አልቀሩም።

መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ “ድፍረት” አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ተዘጋጀ። የዘረሰናይ መሐሪ ፊልም ነው፤ በጠለፋ ስለተወሰደችና ጠላፊዋን ስለገደለች ልጅ ይተርካል። አሜሪካ ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ፣ አንጀሊና ጆሊ በፕሮዲዩሰርነት ስሟን አኑራበት ነበር የመጣው። እንግዳው ሁሉ ለብሶ፣ ተጋብዞ፣ ወንበሩን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ሳይታይ ቀረ። በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ ስለ “ድፍረት” አስተያየት ነበረው። ሐርቡም ደረሰ። አንዱ ስለ ጠለፋ ይሟገታል፣ አንዱ ስለ ሕግ፣ አንዱ ስለ አንጀሊና ጆሊ። ፊልሙን ከመካከላቸው ያየ አንድም ሰው ስላልነበረ ክርክሩ የሚቋረጥበት ምክንያት አልነበረም። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ሲታይ ወሬው ቀዘቀዘ።

የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ተመርጦ ሲታይ፣ ይህም ለኢትዮጵያ ፊልም የመጀመሪያው ነበር፣ ወሬው በሬዲዮ ወሎ ገባ። እናቱን በድርቅ ያጣ ልጅና የሚወዳት በግ ታሪክ ነው። ልጁ በጓን ከመታረድ ለማዳን ይለፋል። ይህን የሰማ አንድ የበግ ነጋዴ ወዲያው የጠየቀው “በጓ የየት አገር ናት?” ብሎ ነው። የሰሜን ተራራ አካባቢ መሆኗ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። “እንግዲያ ቢያርዷት ይሻል ነበር፤ ሥጋ ያላት በግ የወሎ ናት።” ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ያዩት ተቺዎች ስለ ብርሃኑና ስለ ዝምታው ሲጽፉ ይህን ነጥብ የነካ የለም።

ሙያ ከዓይን አይወጣም። የባጃጅ ሾፌር የጦር ፊልም አይቶ ሲወጣ ስለ ጦርነቱ አይነግርህም፤ “ያ ሰው ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ ነው የወረደው፣ ፍሬን አልነካም፣ ውሸት ነው” ይላል። ልብስ ሰፊው ታሪክ ነክ ድራማ ሲያይ የንጉሡ ካባ በመኪና መሰፋቱን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቢሞትም ግድ የለውም። ባለ ሱቁ የሟቿ አልጋ አጠገብ ያለውን የታሸገ ጭማቂ አይቶ “ይሄ ያኔ መቼ ገባና!” ብሎ ለቅሶውን ያቋርጣል። እነዚህ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ችግሩ እዚያው ቁጭ ማለታቸው ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ቁልፍ ጉድለት ይፈረድበታል።

ከቀትር በኋላ ያለው አስተያየት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሐርቡ ሞቃት ናት፤ ቀትር ሲሆን ሰው ከጥላ፣ ጥላው ከጫት ጋር ይገናኛል። በርጫው ላይ የተከፈተ ፊልም በስምንት ሰዓት “እስቲ እናየዋለን” ይባላል። አሥር ሰዓት ላይ፣ ምርቃናው ሲይዝ፣ ያው ፊልም የሰው ልጅ ካሰበው ሁሉ የጠለቀ ይሆናል፤ ተዋናዩ ዝም ሲል ዝምታው ይተረጎማል፣ በሩ ሲዘጋ በሩ ምሳሌ ነው። አንዱ ይነሣና ይህን ፊልም ወደ ወሎ አምጥተን እንደገና መሥራት አለብን ይላል፤ በጀቱ ይመደባል፣ ቦታው ይመረጣል፣ ዋናዋ ተዋናይት ሳትሰማ ትታጫለች። መግሪብ ተሰግዶ ሰው ሲረጋጋ ስለዚያ ፊልም ብትጠይቁት “የቱ?” ይላል።

የሴቶቹ ጉባኤ ግን አይረሳም። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያፈስ፣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ባህል ጠፋ ብለው ጮኹ። እዚህ ግን የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። “ጥቁር ፍቅር” ውስጥ ያለው ፖሊስ ስሙ ኦመር ነው። ሐርቡ ላይ “ኡመር!” ብላችሁ ብትጣሩ የግማሽ መንደር ወንድ ይዞራል። ስለዚህ ኦመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰፈር ልጅ ሆኖ ተቆጠረ፣ እንደ ሰፈር ልጅም ተገመገመ። ቡና ላይ፣ አቦሉ እንደተቀዳ፣ አንዲት እናት የተናገሩት እስከ ዛሬ ከሰማሁት የፊልም ሂስ ሁሉ ይከብዳል።

“ይኼ ልጅ ኡመር ከተባለ ይኼው ስንት ወሩ። አንድ ቀን ሲሰግድ አይቼው አላውቅም።”

“እማ፣ ፊልም ላይ እኮ አይታይም እንጂ ይሰግድ ይሆናል።”

“መጠጡ እንዴት ታየ ታዲያ?”

ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ቶናው እስኪቀዳ ዝም ተባለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሐጂና አንድ ጡረተኛ መምህር “ሾሌይ” በሚባለው የህንድ ፊልም ላይ ተጣልተው ጸጉራቸው ሸብቷል። ፊልሙ ነሐሴ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው ሕንድ ውስጥ የወጣው። ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ የአንድ የፖሊስ ሹም ቤተሰብ ይጨርስና ሹሙን ሁለት እጁን ይቆርጠዋል። ሹሙ፣ ታኩር፣ ጡረታ ወጥቶ ሁለት ሌቦች ይቀጥራል፤ ጋባርን ከነነፍሱ አምጡልኝ ይላቸዋል። ከሌቦቹ አንዱ አሚታብ ባቻን ነው። በቪዲዮ ቤት ሕግ “አክተር አይሞትም” ይባላል፤ አሚታብ ግን እዚህ ላይ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ዕጣ ሲያወጣበት የነበረው ሳንቲም ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ሐጂውም መምህሩም ይስማማሉ፤ ሁለቱም አልቅሰዋል።

ጠባቸው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ የሌለው ታኩር ሚስማር በተመታበት ጫማ ጋባርን ይረግጠዋል። ከዚያስ?

“ገደለው!” ይላሉ ሐጂው። “ረግጦ ገደለው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ።”

“ሐጂ፣ ፖሊስ ደረሰ እኮ! ‘ሕግ ይፍረደው’ አሉት፣ ተወው፣ ታሰረ።”

“ሁለት እጁን የቆረጠውን ሰው ለፖሊስ ይሰጣል? አንተ መምህር ብትሆን ትሰጣለህ?”

መምህሩ ፊልሙን ያዩት በተማሪነታቸው፣ ትልቅ ከተማ፣ ሲኒማ ቤት ገብተው፣ ቲኬት ቆርጠው ነው። ሐጂው ገና ሐጂ ሳይሆኑ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ፣ በክር ነው ያዩት። መምህሩ ይህን እንደ ማስረጃ ያነሡታል፦ “እኔ ያየሁት ዋናውን ነው፣ የእርስዎ የተቀዳ ነው።” ሐጂውም “የአንተን ቆርጠው ነው ያሳዩህ” ይላሉ። ሌላው ታዳሚ፣ ግማሹ ፊልሙ ሲወጣ ያልተወለደ፣ ለሁለት ተከፍሎ ይደግፋል። ውርርድ ተይዟል፤ የተሸነፈው ለቤቱ ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ቤቱ በጨመረ ቁጥር ውርርዱም እየከበደ ሄዷል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ፊልሙ መጀመሪያ የተሠራው ሐጂው እንዳሉት ነው፤ ታኩር ጋባርን ይገድለዋል። ግን በዚያ ዓመት ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፣ የሳንሱር ቦርዱም የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ሲወስድ (በእግሩ ማለት ይሻላል) ማሳየት አይቻልም አለ። አዘጋጁ ራሜሽ ሲፒ መጨረሻውን እንደገና ቀረጸ፤ ፖሊስ እንዲደርስ ተደረገ። ሲኒማ ቤት የዞረው ያ ነው። ያልተቆረጠው ደግሞ ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ክር ወጣ። ስለዚህ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው ዋናውን፣ ቲኬት የቆረጠው ደግሞ የተለወጠውን አይቷል።

ይህን ሻይ ቤቱ ውስጥ ያወጣው ስልኩ ላይ የሚኖር አንድ ጎረምሳ ነው። ስለ ስልክ ካነሣሁ አይቀር ልናገር፦ አሁን ያለው ወጣት ፊልም አያይም፣ ፊልም ሲተረክለት ይሰማል። የሦስት ሰዓቱን በአሥር ደቂቃ አጥብቦ “ይህ ሰውዬ አሁን ሚስቱን ሊገድል ነው” እያለ የሚነግረው ድምፅ አለ። ሁሉንም መጨረሻ ያውቃል፤ ለማንም አላለቀሰም። ከአውቶብስ የወረደው ሰው ቢያንስ የልጁ ነገር ያንገበግበዋል፤ ማታ ሲተኛም “ምን ሆኖ ይሆን” ይላል። የአሥር ደቂቃው ሰው ምንም አይለውም። የግማሽ ፊልም ሰዎችን ስቀልድባቸው ብቆይም፣ ከሁለቱ ከማንኛው ጋር ሻይ ትጠጣለህ ብትሉኝ አላመነታም።

ለማንኛውም ጎረምሳው ስልኩን ከፍ አድርጎ አነበበ። በ2025 እ.ኤ.አ.፣ ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ ታድሶ ከነመጀመሪያው መጨረሻ ቦሎኛ ከተማ፣ አደባባይ ላይ ታየ። ታኩር ይገድለዋል።

ሐጂው ቀና አሉ። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህሩ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም።

“ቦሎኛ የት ነው?”

“ጣልያን።”

“ጣልያን!” አሉ መምህሩ። እጃቸውን ወደ ውጭ፣ ከባድ መኪና ወደሚያጓራበት አስፋልት ዘረጉ። “ይኼን መንገድ ሲሠራ ደህና ሠርቷል፤ አልክድም። የህንድ ፊልም ላይ ምን ጥልቅ አደረገው?”

ሐጂው ለአፍታ ቆሙ። የጣልያን ነገር ሲነሣ እሳቸውም ከመምህሩ ጋር ናቸው፤ ለማሸነፍ ብለው ከጣልያን ጋር መሰለፍ ከበዳቸው። ጎረምሳው ሁኔታውን ለማብረድ ሳንሱሩን፣ ሁለቱን መጨረሻዎች፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አንድ በአንድ አስረዳ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ ደመደመ።

ይህ ማንንም ደስ አላሰኘም። ሁለቱም ልክ ለመሆን አይደለም ይህን ያህል ዘመን የተጣሉት። ደጋፊዎቹም ቅር አላቸው፤ ሻዩስ ሊቀር ነው? ሁሉም ዞር ብሎ ባለ ሻይ ቤቷን አየ። ፊልሙን አይታው አታውቅም፤ እሳቱን ትታ ማየት የምትችልበት ጊዜም ኖሯት አያውቅም። ብርጭቆዎቹን በዓይኗ ቆጠረች።

“ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ ሁለታችሁም ክፈሉ” አለች፤ “ግማሽ ግማሽ።”

ሐጂው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የድርሻቸውን ቆጥረው አስቀመጡና ወደ መምህሩ ዞሩ።

“ቆይ፣ ‘ማዘር ኢንዲያ’ ላይ ልጅየውን የገደለችው እናትየው ናት አይደል?”

“ማን አለዎት?” አሉ መምህሩ፣ ወንበራቸውን ጠጋ እያደረጉ።